እምቢ ያልኩት ዋንጫ

«ምን ትሠራለህ?» ተብላችሁ በአንድ ቃል የምትመልሱ ሰዎች የታደላችሁ ናችሁ። «ሾፌር» ትላላችሁ፣ ያልቃል። «አስተማሪ» ትላላችሁ፣ ጠያቂው ከንፈሩን መጥጦ ወደ ሌላ ወሬ ያልፋል። እኔ የካይዘን አስተባባሪ ነኝ። ይህን ለሰው ላስረዳ የተቀመጥኩ ቀን ከሻይ ቤት የምወጣው አስተናጋጇ ወንበሮቹን ጠረጴዛ ላይ መስቀል ስትጀምር ነው።

የምሠራው ነፋስ ስልክ ባለ አንድ የስፖንጅ ፍራሽ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ስፖንጅ የሚቆርጡ አሉ፣ የፍራሽ ልብስ የሚሰፉ አሉ፣ መኪና ላይ የሚጭኑ አሉ። እኔ አልቆርጥም፣ አልሰፋም፣ አልጭንም። በመካከላቸው እየዞርኩ ሥራው ዛሬ ከትናንት ትንሽ፣ ነገም ከዛሬ ትንሽ እንዲሻል አደርጋለሁ። አምስቱን «ማ»ዎች አስተምራለሁ፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። የማይጠቅመውን አውጡ፣ የሚጠቅመውን በቦታው አድርጉ፣ አጽዱ፣ ልመዱት፣ ከለመዳችሁት በኋላም አትተዉት ማለት ነው። እናንተ ይኸው በአንድ አንቀጽ ገባችሁ። አማቴ ግን ልጃቸውን ካገባሁ ጀምሮ አልገባቸውም።

አማቴ ኦቦ ገመቹ የፉሪ ሰው ናቸው። ከተማው መጥቶ አጥራቸውን ሳይነካው በፊት እዚያው ሲያርሱ የኖሩ ናቸው። ዛሬም ሁለት ላሞች፣ የጎመን መደብና በግቢያቸው ዙሪያ የሚያከራዩት ክፍል አላቸው። በሰፈሩ የተጣላ ሁሉ የሚታረቀው እሳቸው በረንዳ ላይ ነው። በዓል በመጣ ቁጥር ከባለቤቴ ከቢፍቱ ጋር እንሄዳለን። በልተን ስንጨርስ አማቴ እጃቸውን ታጥበው፣ ፎጣውን አጣጥፈው ወደ እኔ ይዞራሉ።

«እሺ ልጄ፣ ሥራህ ምን ነበር ያልከኝ?»

«ብክነት አስወግዳለሁ፣ አባባ።»

«ቆሻሻ ትደፋለህ።»

«አይደለም። ለምሳሌ አንዲት ልብስ ሰፊ መቀስ ፍለጋ ወዲያ ወዲህ ስትል የምታባክነውን ጊዜ...»

«ገባኝ። መቀስ ታቀብላለህ።»

ባለፈው ፋሲካ ለአንድ ጎረቤታቸው ዘበኛ መሆኔን ሲነግሩት በጆሮዬ ሰማሁ። ሊንቁኝ ብለው አይደለም። እሳቸው ዘንድ ሥራ ማለት ሲመሽ በጣት የሚጠቆም ነገር ነው፤ የታረሰ ይታያል፣ የተሠራ ግድግዳ ይታያል። የእኔ ሥራ ሲሳካ የሚታየው አንዳች ነገር አለመኖሩ ነው። መንገድ ላይ የተጋደመ ዕቃ የለም፣ የሚጮህ ኃላፊ የለም፣ መቀስ የጠፋባት ሰፊ የለችም። የሌለ ነገር ደግሞ ለአማት አይታይም። አንድ ቀን እኚህ ሰው በሰው ፊት ስለ እኔ አንድ ነገር ቢናገሩ ብዬ እመኝ ነበር። የልጆች አባት የሆነ ሰው ይህን ሲመኝ ያሳፍራል፤ ግን እመኝ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ሥራ አስኪያጃችን ሰበሰበንና የምሥራች ነገረን። የፋብሪካዎች ማኅበር በየፋብሪካው ካይዘንን ከሁሉ አብልጦ በተግባር ያዋለ አንድ አንድ ሰው ሊሸልም ነው። ዋንጫ አለ፣ የምስክር ወረቀት አለ፣ መካኒሳ አቦ አካባቢ አዳራሽ ተይዟል፣ ቤተሰብም ይጋበዛል። ተሸላሚውን የሚመርጡት ራሳቸው ሠራተኞቹ ናቸው አለ። ይህን ሲል እኔን አየኝ። ሠራተኛውም እኔን አየኝ። ሌላ ማን አለ? በዚያ ግቢ ካይዘን የሚለውን ቃል ሳይስቅ የሚጠራው እኔ ብቻ ነኝ።

ማታ ለቢፍቱ ነገርኳት። ገና አልተመረጥኩም፣ ለማንም እንዳትናገሪ ብዬ አስጠነቀቅኋት። ያገባችሁ ሰዎች የዚህን ማስጠንቀቂያ ዕድሜ ታውቃላችሁ። በማግሥቱ ምሳ ሰዓት ላይ አማቴ ደወሉ። ኮታቸውን ለላውንደሪ ሰጥተዋል፣ ለሁለት ወንድሞቻቸው ነግረዋል፣ አዳራሹ የትኛው በር በኩል እንደሚገባ ማወቅ ይፈልጋሉ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷን አላይ ይባላል። አማቴ ግቢያቸው ውስጥ የቆሙ እውነተኛ ላሞች እያሏቸው በእኔ የሰማይ ላም እንዲህ መደሰታቸው ልቤን ነካው።

እዚህ ላይ ስለ መመገቢያ አዳራሻችን በር ካልነገርኳችሁ የደረሰብኝ ነገር አይገባችሁም። በሩ ጠባብ ነው። የምሳ ደወል ሲደወል ሁለት ሰዎች እኩል ይደርሳሉ። «ይቅደሙ።» «ኧረ እርስዎ።» «በሞቴ።» «ደግ አይደለም፣ እኔ ቀድሜ?» ከኋላቸው ሰልፍ ይሠራል፤ ሰልፉም ሥራ እንዳይፈታ እርስ በርሱ ይገባበዛል። እጅ መታጠቢያው ዘንድ እንደገና፣ ወንበር ላይ እንደገና፣ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ማን ይቁረስ በሚለው እንደገና። ጨዋነታችን ሽሮውን ሲያበርደው እያየሁ ብዙ ወራት አሳለፍኩ። አንዳንዱ ገና አንዴ ሳይጎርስ የመመለሻው ደወል ይደርስበታል።

አንድን ሥራ ደጋግሞ መሥራት በካይዘን ብክነት ይባላል። ስለዚህ በሩ ላይ በትልቁ ጽፌ ለጠፍኩ፦ «አንድ ግብዣ፣ አንድ መልስ»። «ቅደም» ከተባልክ ወይ ትቀድማለህ ወይ «አይ» ትላለህ፤ ከዚያ ወዲያ ልመና የለም። መጀመሪያ ላይ ሰው ተቀየመኝ። አሳዳጊ የበደለው ነው ያሉኝም ነበሩ። ውሎ ሲያድር ግን ሽሮው ትኩስ ሆነ፤ ትኩስ ሽሮ ደግሞ የማያስታርቀው ሰው የለም። ደንቡ ከመመገቢያው አዳራሽ ወጥቶ ወደ ስፌት ክፍል፣ ከዚያም ወደ ስብሰባ ገባ። ጫኞቹ ሳይቀሩ ሲጋራ ሲገባበዙ አንዴ ብቻ ሆነ። ማዝለቅ ማለት ይኼ ነው እያልኩ በግቢው ውስጥ ስንጎማለል ማየት ነበረባችሁ።

የምርጫው ስብሰባ ደረሰ። መሪዋ የስፌት ክፍል ኃላፊዋ እታገኝ ናት፤ ከመቀሷ ይልቅ ቃሏ የሚቆርጥ ሴት ናት። መጀመሪያ የመጸዳጃ ቤቱ ሳሙና ለምን ቶሎ ቶሎ ይጠፋል በሚለው ጉዳይ ተነጋገርን። ቀጥሎ ወደ ሽልማቱ ገባን። እታገኝ ሰው ሳታስቸግር የእኔን ስም ጠራች። ይገባዋል፣ አምስቱን «ማ»ዎች በእንቅልፋችን ሳይቀር አስተምሮናል አለች። ተጨበጨበ።

እንግዲህ እኔ በወግ ያደግሁ ሰው ነኝ። ስም ሲጠራ ዘሎ «አዎ፣ ይገባኛል» የሚል ሰው በእኛ ዘንድ ማን ነው? እንግዳ ሆኖ «ብላ» ሲባል «አሁን በልቼ መጣሁ» የማይል ማን ነው? የመጀመሪያው እምቢታ ሰላምታ ማለት ነው። ሁለተኛው ጨዋነት ነው። ሦስተኛው ላይ ሰው «በሞቴ» ሲል፣ «እንግዲህ ካላችሁ ምን አደርጋለሁ» ብሎ አንገትን ሰበር ማድረግ ነው። ሦስቱንም አዘጋጅቼ ነበር። ለሦስተኛው የሚሆን ፊትም መስተዋት ፊት ተለማምጃለሁ። ስለዚህ ተነስቼ እጄን ደረቴ ላይ አደረግሁና፣

«ኧረ በፍጹም፤ ከእኔ የሚሻሉ ሞልተው» አልኩ።

«አንድ ግብዣ፣ አንድ መልስ» አለች እታገኝ። «አመሰግናለሁ። ቀጣይ ጥቆማ?»

እጄ ደረቴ ላይ እንዳለ ቆሜ ቀረሁ። ሰዉ በኩራት ያየኛል። ስንቱ ጊዜ ነው ስብሰባ ላይ ትለማመናላችሁ እያልኩ የተቆጣኋቸው! አሁን ይኸው ደንቡን በራሴ ላይ ሳይቀር ጠበቁት። ጥግ የተቀመጠ አንድ ልብስ ሰፊ ጥሩ አደረግን ወይ ለማለት ጭንቅላቱን ነቀነቀልኝ። እኔም ምን ላድርግ፣ ነቀነቅሁለት። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም የሚሉት ሰዎች ቁናውን ራሱ የሠራውን ሰው አላሰቡትም።

ቀጥሎ አንድ ጎበዝ ስፖንጅ ቆራጭ ተጠቆመ። «እሱ ይቅርብኝ ያለውን እኔ ማን ሆኜ ልቀበል» ብሎ ተቀመጠ። ቀጣይ። ሌላም ተጠቆመች፤ እሷም እንዲሁ አለች። እኔ በእምቢታዬ በሩን ዘግቼው ኖሯል፤ ከዚያ በኋላ «እሺ» የሚል ሰው ከእኔ በላይ ነኝ እንዳለ ይቆጠርበታል። ማሰሪያው የጠፋ ስብሰባ ሆነ። እኔም ልቤ ስላልቻለ እጄን አወጣሁና መጀመሪያ የተነሳው ነገር እንደገና ቢታይ ጥሩ ነው አልኩ። ሁሉም ልክ ነህ አለና ወደ ሳሙናው ተመለሰ። በሕይወቴ ስለ ሳሙና እንደዚያን ዕለት ብዙ ሰምቼ አላውቅም።

በመጨረሻ አንዱ ጫኝ፣ «ለምን ጋሽ ሸምሱን አንመርጥም? ወራቤ የእህታቸው ልጅ ሰርግ ላይ ናቸው፤ የሌለ ሰው እምቢ አይልም» አለ። ጭብጨባው ጣሪያውን አነሳው። ጋሽ ሸምሱ ያለ ተቃውሞ የፋብሪካችን የካይዘን ጀግና ሆኑ።

ጋሽ ሸምሱ የመጋዘን ኃላፊያችን ናቸው። ስለ እሳቸው አንድ ነገር ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ። የማይጠቅም ዕቃ ላይ ቀይ ካርድ ይለጠፋል፤ ካርድ የተለጠፈበት ይወገዳል። እኔ የጋሽ ሸምሱን መጋዘን ቀይ በቀይ አድርጌው ስሄድ፣ እሳቸው ዕቃውን በቦታው ትተው ካርዶቹን ለቅመው በካርቶን አስቀመጧቸው። ለምን ስላቸው፣ «ካርዱም ይጠቅማል» አሉኝ።

ማታ ለቢፍቱ ሁሉንም ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«ሦስቴ እምቢ ልትል ነበር ያሰብከው፣ አይደል?»

«ሰው የሚለው ነውና።»

«አባዬስ? ኮቱ እኮ ታጥቦ ተመልሷል።»

አንቺ ንገሪያቸው አልኳት፣ አንተ ንገራቸው አለችኝ። እንዲሁ ስንገባበዝ ሳምንቱ አለቀ።

በዚህ ላይ ጋሽ ሸምሱ ከወራቤ ተመለሱ። ዜናውን ሲሰሙ ይስቃሉ ብዬ ነበር፤ አኮረፉ። ሽልማቱን አልቀበልም አሉ። ያስቀየማቸው መመረጣቸው ሳይሆን አለመለመናቸው ነበር። ሰው በሌለበት ስሙን አንስተው እንደ ዕቃ ሲያስቀምጡት አንድ ሰው እንኳ «እባክህ» አላለኝም አሉ። ሥራ አስኪያጁ ስሙ ለማኅበሩ ተልኳል፣ አስታርቀህ አምጣቸው ብሎ እኔን አዘዘኝ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይኼ ነው።

ስለዚህ ልመናን ከፋብሪካው ያጠፋሁት እኔ፣ እታገኝንና የጥበቃ ኃላፊውን ጋሽ ወልዴን ይዤ ለሽምግልና ወደ ጋሽ ሸምሱ ቤት ሄድኩ። ወጉ እንደምታውቁት ነው፤ ሽማግሌ ጉዳዩ ካልተፈጸመለት አይቀመጥም፣ የቀረበለትንም አይቀምስም። ባለቤታቸው ሻይና ትኩስ ዳቦ አቀረቡ። እኛ ቆመን ቀረን። ዳቦው ይሸታል። እኔ ራሴ የምመኘውን ዋንጫ ሌላ ሰው እንዲወስድልኝ በቁሜ ስለምን፣ ምነው ይህን ጊዜ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ።

«አይሆንም» አሉ ጋሽ ሸምሱ።

«ስለ ልጆችዎ» አልኩ።

«ምኑን ሠራሁና? ወላሂ አልቀበልም።»

እዚህ ላይ እታገኝ ከልማዷ «አንድ ግብዣ...» ልትል ስትል ጋሽ ወልዴ በክርናቸው ጎሰሟት። እኔ ጎንበስ ብዬ የጋሽ ሸምሱን ጉልበት ያዝኩ። ስለ ነጭ ፀጉርዎ፣ ስለ ተሰበሰብነው ሲሉ አልኩ። ይህን ስል ደግሞ የምሬን ነበር፤ ሰውየው እውነት ተከፍተዋል፣ ያስከፋቸውም በር ላይ የለጠፍኩት ደንብ ነው። ጋሽ ሸምሱ ጎንበስ ብለው ከጉልበታቸው ላይ አነሱኝ። ከዚያ፣ እንግዲህ ሰው ቆሞ ሲለምን እምቢ አይባልም፣ ግን መድረኩ ላይ አጠገቤ ትቆማለህ አሉኝ። ተቀመጥን። እንደዚያን ዕለት ዳቦ በልቼ አላውቅም።

የሽልማቱ ቀን አማቴ ከወንድሞቻቸው ጋር ከሁሉ ቀድመው ገብተው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ኮቱ ታጥቦና ተተኩሶ እንደ ሰሌዳ ቀጥ ብሏል። እኔ ዓይናቸውን ሸሸሁ። የፋብሪካችን ተራ ሲደርስ የጋሽ ሸምሱ ስም ተጠራ፤ እሳቸውም ክንዴን ይዘው እየጎተቱ መድረክ ላይ ወጡ። አዳራሹ ሁለት ሰዎች ለአንድ ዋንጫ ሲወጡ አይቶ አጉረመረመ። አስተዋዋቂው ምን ቢያሻሽሉ ነው ለዚህ የበቁት ብሎ ማይኩን አቀረበላቸው። ጋሽ ሸምሱ ማይኩን አዩ፣ እኔን አዩ።

«እኔ ዕቃ የማልጥል ሰው ነኝ» አሉ። «ይኼ ሰው ግን መጋዘኔ በር ላይ ቆሞ ‹ጋሽ ሸምሱ፣ ይቺን ብቻ› ይለኛል። አባርረዋለሁ፣ በማግሥቱ ይመጣል። እሰድበዋለሁ፣ ‹እንደምን አደሩ› ብሎ ይመጣል። እንዲተወኝ ብዬ አንዷን መደርደሪያ አጸዳሁለት። ጭራሽ ባሰበት። አሁን በመጋዘኔ ውስጥ ሰው ይሄዳል፤ ድሮ የምትሄደው ድመት ነበረች። እኔ የተሸለምኩት ስለታከተኝ ነው። እሱን አልታከተውም።»

አዳራሹ ሳቀ፤ ሲስቅ ቆይቶም አጨበጨበ። ጋሽ ሸምሱ ማይኩን ሊመልሱ ካሉ በኋላ እንደገና አስጠጉት። «ዋንጫውን ግን አልሰጠውም» አሉ። «ስንት ለምኖ ነው ያስቀበለኝ።»

ስንወጣ አማቴ ደጃፉ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሱ።

«እውነት ሲያባርርህ ትመለስ ነበር?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ሳትቆጣ?»

«ውስጤ ይቆጣል። ፊቴ ላይ አላወጣውም።»

«የራስህንም ዋንጫ እንዲቀበል እቤቱ ሄደህ ለመንከው።»

ይህን ከማን ሰሙ ብዬ ወደ ቢፍቱ ዞርኩ። ቢፍቱ የአዳራሹን ጣሪያ ታያለች። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሁሉንም ነግራቸው ኖሯል። እንደማልሸለም እያወቁ፣ ወንድሞቻቸውን አስከትለው ከፉሪ ድረስ መጥተው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል።

«ታዲያ ካወቁ ለምን መጡ?»

«ኮቱ ታጥቦ ነበራ» አሉ። ከዚያም ወደ ታክሲው እየሄዱ፣ እሁድ ጠዋት ብቻህን ወደ እኔ ብቅ በል አሉኝ።

እሁድ ሄድኩ። ላም ላልብ ነው ወይስ ጎመን ልቆርጥ እያልኩ ነበር የገባሁት። በረንዳው ላይ የሰፈሩ ሽማግሌዎች አግዳሚ ወንበር ሞልተው ተቀምጠዋል። ከፊታቸው በውርስ አጥር ተጣልተው መነጋገር ያቆሙ ሁለት ወንድማማቾች ጀርባቸውን ተሰጣጥተው ቆመዋል። አማቴ በጎናቸው የነበሩትን ሰው ትንሽ ጠጋ በሉ አሏቸውና ክፍቱን ቦታ በእጃቸው መታ መታ አድርገው አስቀመጡኝ። በዚያ አግዳሚ ላይ ከእኔ በቀር ፀጉሩ ያልሸበተ ሰው አልነበረም።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝና፣ ይኼ ልጅ ደግሞ እዚህ መሃላችን ምን ያደርጋል ብለው ጠየቁ።

«ሥራው ነው» አሉ አማቴ።